የእትዬ አስካለ መደብ

እሑድ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ዛሬ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የፋሲካውን በሬ አረድን። ቅርጫ የምንገባው ሁልጊዜም ዘጠኝ ቤት ነን። ባለቤቴ ሥጋውን በዘጠኝ መደብ ደልድሎ ሲጨርስ የቀበሌው ጥበቃ ገባና የጎረቤታችንን የእትዬ አስካለን መደብ በዱላው አመለከተ። ልጃቸው ከታሰረ ወዲህ ሰው ደጃቸውን አይረግጥም።

«ለፀረ አብዮተኛ እናት ሥጋ አይሄድም» አለ።

ወንዶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። «በጾሙም በፍስኩም አብረውን የኖሩ ሴት ናቸው። ከፈለግክ ስሜን ጻፍ!» አልኩትና መደቡን ከነጉበቱ ትሪ ላይ ጭኜ ወጣሁ። ሥጋችንን የማትበላው ጎረቤቴ ፋጡማ ከሱቋ ወጥታ «ወላሂ፣ ብቻሽን አትሄጂም» ብላ ትሪውን በአንድ ጎን ያዘችልኝ። ሰው እያየን በከዚራ መንገድ መሐል ለመሐል ሄድን።

እትዬ አስካለ በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ ይዘሽው ተመለሺ፤ በእኔ ጦስ ትታሰሪያለሽ» አሉኝ።

«ሳያጎርሱኝ አልሄድም» አልኳቸው።

ከጉበቱ ቆርጠው አጎረሱኝ። እሳቸውም በሉ፤ እየበሉ አለቀሱ።

ጥበቃው ስሜን ጽፎ ሄዷል። ባለቤቴ «ነገ ቀበሌ ስትጠሪ ተሳስቼ ነው በያቸው» ይለኛል።

አልልም።