ሳይፈቀድልኝ የቀየርኩት ፎንት

ማክሰኞ
ዛሬም «ፈቃድ የለዎትም» አለኝ። በገዛ ኮምፒውተሬ! አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ ይላል። አስተዳዳሪዋ እኔው አይደለሁም እንዴ?

እማዬ ከማረፏ በፊት የልጅነቷን ነገር ለአባዬ እያጫወተችው እሱ የጻፈው ሠላሳ ገጽ አለ። የተጻፈው በድሮ የአማርኛ ፎንት ስለሆነ አሁን ስከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝርክርክ ነው። ፎንቱን ከአሮጌ ሲዲ አገኘሁት፤ አልጫንም አለ። አክስቴ ዘይነባ፣ የእማዬ ታናሽ፣ ቅዳሜ ከጢቾ ትመጣለች። ይነበብልኝ ማለት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። እኔም አፌን ከፍቼ ቃል ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት
ተሳካ! ኢንተርኔት ላይ እንዳየሁት የተከለከለውን የሲስተም ፋይል ወደ ራሴ ስም አዞርኩ። የእንግሊዝኛውን ፎንት አንስቼ የድሮውን አማርኛ በቦታው ተካሁት። ሦስት ጊዜ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ፤ ሦስቴም አዎ። አሁን አጥፍቶ ማብራት ነው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት
አልተሳካም። ያ ፎንት በእንግሊዝኛው ፊደል ቦታ አማርኛውን የሚያስቀምጥ ነው ለካ። የኮምፒውተሩ ጽሑፍ በሙሉ ትርጉም የሌለው የአማርኛ ፊደል ሆነ። መክፈቻው የቱ፣ መሰረዣው የቱ፣ የእማዬ ፋይልስ የቱ? እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ
ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ አብዲ አይቶ ሳቀና ያለው ሁሉ ተጠርጎ ፎርማት ይደረግ አለ። ሌላ መድኃኒት አያውቁም እነዚህ ሰዎች። ፋይሉ ሌላ ቦታ አለሽ ወይ ሲለኝ አፈርኩ። የአባዬን አሮጌ ኮምፒውተር ለቆራሌ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተሸክሜው ተመለስኩ። ለአባዬ አልነገርኩትም።

ዓርብ
ነገርኩት። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑ ስለደከመ «ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጥሪልኝ» አለኝ። መሥሪያ ቤት እያለ ስንት ዓመት በዚያ ፎንት ጽፏል፤ የትኛው ፊደል በየትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ ጣቱ አልረሳም። እኔ ስጠራ እሱ ጠረጴዛውን እየነካ ይቺ ኤስ ናት፣ ያቺ ኤፍ ናት ይላል። የእማዬን ለማግኘት ሁለት መቶ የፋይል ስም! አንድ ቦታ ላይ ተሳስቷል ብዬ ተናደድኩበት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነበርኩ። ቀትር ላይ ደረስንበት፤ ከፈትኩት።

ጥርት ያለ አማርኛ ነው። በዚህ ኮምፒውተር ላይ አሁን የሚነበበው የእማዬ ነገር ብቻ ነው።

ወዲያው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት።

ቅዳሜ
አክስቴ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ አንብቢ አለችኝ። አራተኛው ገጽ ላይ እማዬ እንዲህ ብላለች፦ «የአባቴን ፈረስ ፈትቼ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። የተገረፈችው ግን ዘይነባ ናት። አንድም ቀን አልነገርኳትም።»

ቀና ብዬ አክስቴን አየኋት።

«ያ ረቢ» አለች አክስቴ። «ይኸው ስልሳ ዓመት፣ ፈረሱን የለቀቅኩት እኔ መስሎኝ እኮ።» እየሳቀች እንባዋን ጠረገች፤ ከዚያ ያንኑ እንድደግምላት ጠየቀችኝ።

አብዲ ደውሎ አምጪው ላስተካክለው አለ። እምቢ አልኩት፤ ከተስተካከለ የእማዬ ነገር ተመልሶ ዝርክርክ ይሆናል። በእጄ ደብተር ላይ እየገለበጥኩ ነው፤ አሥራ አንድ ገጽ ይቀረኛል። እስክጨርስ ማንም እንዳይነካብኝ።