መርዶሽን ይዤ ቻይና ሄድኩ

ጽጌዬ፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው። ልጃችን ቤቴል ከሥራ ስትወጣ ጎራ ትላለች፤ ፍሪጁን ከፍታ ታያለች፣ ትቆጣኛለች፣ ትሄዳለች። ቁጣዋ ቁርጥ ያንቺ ነው። በረንዳው ላይ የተከልሽውን ጎመን በረዶ መታው፣ እኔም መልሼ አልተከልኩትም። አሁንም ኤርፖርት ተሳፋሪ አመላልሳለሁ፤ ፓርክ ሂል ሰፈር ስደርስ ግን ትሠሪበት በነበረው የአረጋውያን ቤት በኩል ማለፍ ስለሚከብደኝ በሌላ መንገድ እዞራለሁ።

ዛሬ የምጽፍልሽ የምናዘዘው ነገር ስላለኝ ነው።

ናይናይን አልረሳሻቸውም መቼም። ቻይና ትምህርታችንን ጨርሰን አንድ ዓመት እንግሊዝኛ ባስተማርንበት የተራራ መንደር የትምህርት ቤቱን ምግብ ያበስሉ የነበሩት እናት። ናይናይ ማለት በእነሱ ቋንቋ አያት ነው፤ መንደሩ በሙሉ እንደዚያ ሲጠራቸው እኛም ተከተልን። በመጀመሪያው ክረምት ስትታመሚ ከአልጋቸው ወርደው አንቺን አስተኙበት። ዲቪ ደርሶን አሜሪካ ከመጣንም በኋላ አልተውሻቸውም። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብለሽ ድምፅሽን ቀድተሽ ትልኪላቸው ነበር። በቻይንኛ ስትጮኺ ምእመናኑ ዞር እያሉ ሲያዩሽ እኔ አፍሬ መስኮቱን እዘጋው ነበር።

ካረፍሽ በኋላም እሑድ ሲሆን ስልክሽ ይጮኻል። ናይናይ ናቸው። ምን ልበላቸው? መርዶ በስልክ እንዴት ይነገራል? ቤት ድረስ ተኪዶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ባንቺ ስም ጻፍኩላቸው፦ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ድምፅ መላክ አልችልም። የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ወዲያው መልስ መጣ፤ ፒር የሚባለውን ፍሬ በስኳር ቀቅለሽ ውኃውን ጠጪ። በሳምንቱ ጠጣሽ ወይ አሉ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ብዬ ፒር ገዝቼ ቀቀልኩ፣ ጠጣሁም። አንድ ዓመት ሙሉ ያንቺን ጉሮሮ ሳክም ኖርኩልሽ።

ቤቴል አንድ ቀን ስጽፍ ደረሰችብኝ። «ዳዲ፣ ዚስ ኢዝ ኖት ኖርማል፤ ጀስት ንገራቸው» አለችኝ። እነግራቸዋለሁ፣ ግን እንደ ወጉ ሄጄ ነው አልኳት። የዓመት ተዝካርሽን እንዳወጣን ትኬት ቆረጥኩ።

መንደሩን ብታዪው አታውቂውም። አስፋልቱ እስከ ደጃቸው ደርሷል። ልጆቹ ወላጆቻቸውን ተከትለው ከተማ ስለገቡ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። ያስተማርሽበት ክፍል የበቆሎ ማከማቻ ሆኗል፤ ግቢው ላይ በርበሬ ተሰጥቷል። ጥቁር ሰሌዳው ግን አሁንም ግድግዳው ላይ አለ፤ በእጄ ዳሰስኩት።

የመምጫውን ቀን ጽፌላቸው ስለነበር ናይናይ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። በጣም አርጅተዋል። አቀፉኝና በትከሻዬ ላይ አሻግረው አንቺን ፈለጉ። የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ መርዶ ደግሞ የማለዳ ነው። ሥራ ይዟት ቀረች አልኳቸው። አልጋው ላይ ሁለት ትራስ አድርገው ነበር የጠበቁን። የምትወጂውን ቲማቲምና እንቁላል ያለበት ኑድል ሠሩ። እየበላን ሴቶቹን ተማሪዎች በሙሉ ሹሩባ ሠርተሽ ርእሰ መምህሩ አላውቃቸውም ያለበትን ቀን አነሡ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ሲነጋጋ ተነሣሁ። የልጅ ልጃቸውን ቀሰቀስኩ፣ ጎረቤቶቻቸውን ባልና ሚስቱን ጠራሁ። ሁሉም ያመመኝ መስሏቸው ነበር። ናይናይን አስቀምጬ እጃቸውን ይዤ ነገርኳቸው።

አላለቀሱም። መጀመሪያ መቼ ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። «ትናንት እያወቅህ አሳቅኸኝ?» አሉ። እዚያ ለሞተ ሰው ምግብ ይቀርብለታል፣ ና ብላ ተብሎ በስሙ ይጠራል። «ልጄ ዓመት ሙሉ ከእጄ ሳትበላ ቀረች» ሲሉ ነው ድምፃቸው የተሰበረው።

ያን ጊዜ እናትሽ ደሴ ያረፉ ሰሞን ትዝ አለኝ። ሐሙስ ሰምቼ፣ ሥራ የማትገቢበት ቅዳሜ እስኪደርስ ደበቅኩሽ። ሽማግሌዎቹ ማልደው መጥተው አረዱሽ። ወር ካለፈ በኋላ ነው፣ ሁለት ቀን ስስቅ ዝም ብለህ አየኸኝ ያልሽኝ። ላንቺው ብዬ ነው አልኩሽና አኮረፍኩ። ምንም አልገባኝም ነበር፣ ጽጌ።

ናይናይ ተነሥተው እንደገና ኑድል ሠሩ። አንድ ሳህን ደጃፉ ላይ አስቀመጡና ሦስት ጊዜ ስምሽን ጠሩ። ለቅሶሽ ላይ ወንድ ነኝ ብዬ እንባዬን ውጬ ለቀስተኛ ያስተናገድኩት ሰውዬ፣ እዚያ እንደ አገራችን ጮኼ አለቀስኩ። ጎረቤት ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ።

ወግ ነው ያልኩት ሰበብ ነበር። በዚያ መንደር ገና በሕይወት ነበርሽ። ጉሮሮዋን ያመማት፣ ፒር የምትቀቅል፣ ትንሽ ቆይታ የምትመጣ ሴት ነበርሽ። በዓለም ላይ አንድ ቦታ እንኳ እንድትቆዪልኝ ብዬ አሮጊቷን አታለልኩ። እሳቸው ይቅር ብለውኛል፤ አሁን እሑድ እሑድ ለእኔ ይልካሉ፣ በቻይንኛዬም ይስቃሉ። አንቺም ይቅር በይኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሱቅ ወጥቼ መኪና ላስነሣ ስል ከሌላ ስቴት የተመለሰች የድሮ ጎረቤታችን ከፓርኪንጉ ማዶ «ጽጌ ደህና ናት?» ብላ ጮኸች። ደህና ናት ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ወርጄ ሄድኩና በጠራራ ፀሐይ ቆሜ ነገርኳት። የእቃ መግፊያ ጋሪውን ተደግፈን አለቀስንልሽ።

ከእንግዲህ አልደብቅሽም። ለጠየቀኝ ሁሉ ስምሽን ጠርቼ እናገራለሁ፤ የሚያውቅሽ ሁሉ እንዲያለቅስልሽ፣ የማያውቅሽም ማን እንደነበርሽ እንዲሰማ። እስከ ዕለተ ሞቴ አስታውስሻለሁ። ለቤቴልም፣ ለካህኑም፣ ለራሴም «አረፈች» እያልኩ ነው የከረምኩት፤ ሌላውን ቃል አፌም እጄም እምቢ ብሎኝ።

ጽጌዬ፣ ሞተሻል። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ያንቺው መኮንን