ስለ ክቡር መሣሪያዎና ስለ ጉሊዛር አምባር

ለተከበሩ የታሽሊባህ መንደር ሹም፣ ለኑረቲን ቤይ
እንዲሁም በሻይ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለሚያነበው ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስዎ። አላህ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለወገብዎ ምቾት፣ ለሚስትዎ ወንድም ለጃፈር ደግሞ የማይዝል ክንድ ይስጥልኝ፤ መሣሪያውን ዘርግቶ በየሰዉ ጓሮ ሲንከራተት የሚውለው እሱ ነውና። ሳብሪ ኡስታ፣ ማለትም ባለሙያው ሳብሪ፣ እያላችሁ የምትጠሩኝ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን ሬድዮ ስጠግን የኖርኩት እኔ፣ ደህና ነኝ ማለት ባልችልም፣ የእርስዎን ደህና መሆን ከሻይ ቤቱ እስከ ቤቴ ከሚሰማው ሳቅዎ በየቀኑ ስለምረዳ ደስ ይለኛል።

ምስጋናዬን ሳላስቀድም ወደ ቅሬታዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። ባለፈው መከር ትራክተርዎን ሸጠው፣ የተቀበረ ወርቅ ከሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ያሸታል የተባለለትን መሣሪያ ስላመጡልን መንደሩ ሁሉ ያመሰግናል። ድሮ አገሩን ጥለው የሄዱ ሰዎች ቀበሩት የሚባለው ወርቅ እስካሁን ባይገኝም፣ የሚያርስልን ትራክተር ስለጠፋ ብዙዎቻችን ዘንድሮ እረፍት አግኝተናል፤ ይህም ቀላል ውለታ አይደለም።

አንደኛ። ከሰው በፊት ራሴን መክሰስ ስለሚገባኝ ከራሴ እጀምራለሁ። በብርዱ ወራት የመሣሪያው መብራት አልበራ ብሎዎት ሱቄ ድረስ ባመጡልኝ ጊዜ ከፍቼ አየሁት። ውስጡ አንድ ባትሪ፣ አንዲት ትንሽ አምፖልና ከአሮጌ የሂሳብ ማሽን የተነቀለ ሰሌዳ አለ፤ ከሰሌዳው የሚወጡት ሽቦዎች ከምንም ጋር አልተያያዙም። ወርቁን ያመለክታሉ የተባሉት፣ ከፊቱ የተሰኩት ሁለት ዘንጎች የሚዞሩት የያዛቸው እጅ ዘንበል ሲል ነው። አምፖሉን ቀይሬ፣ በሰላም ይሥራ ብዬ መመለስ እየቻልኩ፣ ሻይ ቤት ገብቼ ለሰው ሁሉ ለፈለፍኩ። ምነው ያኔ አፌን በያዘው! ጃፈርም፣ «ኡስታ፣ አንተ የምታውቀው የሬድዮ ሆድ ነው፤ የወርቅ ትንፋሽ የት ታውቅና!» ብሎ ሰዉን ሁሉ አሳቀብኝ። እኔም ሳይቸግረኝ፣ «እንግዲያው እንፈትነዋ!» አልኩ።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ወርቁ ጓሮዬ ውስጥ ይቀበር፤ ቦታውን እርስዎም አይወቁ፣ ጃፈርም አይወቅ፣ ጃፈር ከዓይኔ ላይ እንዳያነበው እኔም ላውቀው አልፈልግም አልኩ። ባለቤቴ ጉሊዛር ብቻ ትወቅ፤ ሦስት ቀን ይፈለግና በሦስተኛው ቀን ማምሻውን ትናገር ተባለ። ጉሊዛር እናቷ በሠርጓ ቀን ያጠለቀችላትን አምባር አርባ አንድ ዓመት ከእጇ አውልቃው አታውቅም ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ እልህ ብዬ ነው የእናቴን አምባር አፈር የማለብሰው?» ብላ ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያም እጇን በሳሙና አሽታ አወለቀችው። ወንዶቹ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት መስጊድ በገባንበት ሰዓት ብቻዋን ወጥታ ቀበረችው።

መሣሪያዎ በመጀመሪያው ቀን የሮማኑን ዛፍ፣ በሁለተኛው ቀን የዶሮዎቹን ቤት አመለከተ። ሁለቱም ተቆፈሩ፤ ምንም አልተገኘም። ጉሊዛር በመስኮት ሆና አፏን በእጇ ሸፍና ትስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጃፈር ዘንጎቹን ተከትሎ አጥሩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤታችን ወደ ዘኪየ ጓሮ ሲያቀና፣ ከቤት ውስጥ ሳህን ሲሰበር ሰማሁ። ስገባ ወለሉ ላይ ወድቃ አገኘኋት። ቀኝ ጎኗ ከዚያ ወዲህ አይታዘዝላትም፤ ምላሷም ተይዟል። ይኸው አራት ወር ሆነ፣ አንድ ቃል አልወጣትም።

ቀኑን ሙሉ በደህናው እጇ ባዶውን የቀኝ እጇን አንጓ ታሻለች፤ እያሻሸች ታለቅሳለች። የት ቀበርሽው ብላት ራሷን ወደ ላይ ወደ ታች ትነቀንቃለች። ሮማኑ ሥር? አዎ። ዶሮ ቤት? አዎ። የመስጊዱ ሚናራ ጫፍ ላይ? አዎ። ሐኪሙ፣ «ለሁሉም ነገር አዎ ነው የምትለው፤ ይህን አይተው አይመኗት፤ ጊዜ ይስጧት» አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው። የመሣሪያውን ውሸት አጋልጣለሁ ብዬ የሚስቴን አምባር በገዛ ደንቤ አጠፋሁት። ሌላ ወርቅ አልፈልግም፤ አምባሯን አጥልቄላት ማየት ብቻ ነው የምፈልገው።

ሁለተኛ። መሣሪያው ስላላገኘበት ምክንያት ለሰጡን ሰፊ ማብራሪያ አመሰግናለሁ። አዲስ የተቀበረ ወርቅ አይተነፍስም፤ መቶ ዓመት መሬት ውስጥ መቆየት አለበት ብለዋል። መልካም፤ እኔ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እጠብቃለሁ። ደግሞም የማያምን ሰው አጠገቡ ሲቆም ዘንጎቹ ይደናገጣሉ ብለዋል። ይህን ሁሉ በጸጋ በተቀበልኩ ነበር፤ ነገር ግን ጃፈር ያከለባት ነገር አንገቴን አስደፋችኝ። ጉሊዛርን የመታት የድሮዎቹ ወርቅ ቀባሪዎች ድግምት ነው፣ ከአምባሩ ሥር ትልቅ ወርቅ ስላለ ነው ብሎ አስወራ። ከዚያ ወዲህ ሰው ደጃፋችንን ይሸሻል። በየቀኑ ሾርባ ይዛ ገብታ ጉሊዛርን ታገላብጥልኝ የነበረችው ዘኪየ እንኳ፣ «ሳብሪ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ ልጆች አሉኝ» ብላ ድስቱን በር ላይ አስቀምጣ ትመለሳለች። ሴትዮዋን በምን ልፍረድባት? ሾርባው አሁንም ይጣፍጣል።

ሦስተኛ። ራሴ መቆፈር ጀመርኩ። በመጀመሪያ ከከተማ፣ ብረት ላይ ሲደርስ የሚጮኸውን፣ እውነተኛውን መፈለጊያ ተዋስኩ። ምን ያደርጋል፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሬድዮ ሽቦና ሚስማር፣ የቆርቆሮ ቁራጭና ብሎን የጣልኩት እዚያው ጓሮዬ ውስጥ ነው። ከበሩ እስከ አጥሩ ለትንፋሽ እንኳ ሳያቋርጥ ጮኸ። ጩኸቱን ሲሰማ መንደሩ ሁሉ አጥሬ ላይ ተሰለፈ። «አላልኳችሁም? ኡስታ ቦታውን አውቆት ነው!» ይላል አንዱ፤ «መሣሪያውን ያጥላላው ብቻውን ሊበላው ነው» ይላል ሌላው። አንድ አሳቢ ጎረቤት ለገጠር ፖሊሶቹ፣ ለጀንደርማዎቹ ደወለ፤ ማን እንደሆነ አልጠይቅም፣ ጃፈር ግን መምጣታቸውን ከእኔ በፊት አውቆ ወንበር ይዞ ተቀምጦ ነበር። መፈለጊያውንና አካፋዬን ወሰዱ፤ ያለ ፈቃድ ብቆፍር እንደምታሰርም ነገሩኝ። እኔ ብታሰር ጉሊዛርን ማን ያጎርሳታል? ብቆፍር ሌባ ነኝ፤ ባልቆፍር ወርቁን አውጥቶ ሸሽጎታል እባላለሁ፤ ቤቱን ዘግቼ ልጄ ዘንድ ልሂድ ብል ባዶ ቤት አግኝታችሁ ጓሮዬን እንደ ወንፊት ትበሱታላችሁ። በገዛ ቤቴ እግር ከወርች ታስሬያለሁ፣ ኑረቲን ቤይ።

አራተኛ። ፈቃድ ልጠይቅ የወረዳው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ትሁት ወጣት ነው። «አባባ፣ ቦታው በመሣሪያ መረጋገጡን የመንደሩ ሹም የፈረመበት ወረቀት ያምጡ» አለኝ። «ልጄ፣ መሣሪያው እኮ አይሠራም» ስለው፣ «እሱን እኔ አላውቅም፤ ቅጹ ላይ ያለው እንደዚህ ነው» አለ። ወደ እርስዎ መጣሁ። እርስዎም በታላቅ ደግነት እንደሚፈርሙልኝ ቃል ገቡ፤ የጠየቁኝ አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ መሣሪያው እንደሚሠራ በእጄ ጽፌ፣ ስሜን አስፍሬ ሻይ ቤቱ ውስጥ እንድለጥፍ።

ስለዚህ ጉዳይ ሲጠይቁኝ ፊትዎን አየሁት። ትራክተሩ ተሽጧል፤ መሣሪያው የማይሠራ ከሆነ ለሚስትዎና ለልጆችዎ ምን እንደሚሏቸው አያውቁም። እውነቴን ነው፣ በዚያች ደቂቃ አሳዘኑኝ። እርስዎም እንደ እኔ መውጫ የለዎትም፤ ልዩነታችን እርስዎ ዘንድ ሻይ የሚጠጣ ሰው መብዛቱ ነው።

እንግዲህ የፈለጉት ይኸውልዎት። እኔ ሳብሪ፣ የሬድዮ ጠጋኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የታሽሊባህ መንደር ሹም መሣሪያ የተቀበረ ወርቅን ከሩቅ እንደሚያገኝ እመሰክራለሁ። ከዚህ በፊት የተናገርኩትን በቅናትና በድንቁርና እንደተናገርኩ ይቆጠርልኝ። ጃፈርም ዘንጎቹ ወደ ፈለጉበት ያመልክት፤ እኔ የሚያስፈልገኝ ፊርማዎና አካፋዬ ነው።

በፈቀዱልኝ መጠን የሚያምን፣ ጓሮው በዓይን ብዛት የተረገጠ፣ ከደጅዎ የማይጠፋ አመልካች፣ ታዛዥዎ
ሳብሪ

የግርጌ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለጉሊዛር ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እንደ ልማዷ በየመስመሩ ራሷን በእሺታ ትነቀንቅ ነበር። ምስክርነቴ ላይ ስደርስ አንገቷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አወዛወዘች። ዓይኔ ነው ብዬ ደግሜ አነበብኩት። «አይ» አለች። በአፏ! በአራት ወር የመጀመሪያዋ ቃል ናት፤ ወረቀቱን ጥዬ ስንሰቀሰቅ መቆየቴን ለእርስዎም ለሻይ ቤቱም ሳላፍር እነግራለሁ። ከዚያ ጠየቅኳት። ሮማኑ ሥር ነው? አይ። ዶሮ ቤት? አይ። ስለዚህ ከላይ ያለው ምስክርነት ተሰርዟል፤ እንደገና የምጽፍበት ጊዜ ስለሌለኝ እንዳለ ለጥፌዋለሁ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በወንበር አውጥቻት ጓሮውን ስንዝር በስንዝር እጠይቃታለሁ፤ አዎ ስትል በሾርባ ማንኪያ እቆፍራለሁ፤ የሚያስረኝ ካለ ማንኪያውን ይዞ ከእሷ ፊት ይሰረኝ። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ጃፈር መሣሪያውን ይዞ በአጥራችን በኩል እንዳያልፍ ይንገሩልኝ። ካየችው ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ የደረስንበት ይጠፋባታል።