የእማዬ እግርና የአጥሚቱ ወተት

ጥቅምት 6፣ ጠዋት

ዛሬም ውሃ አላሞቅኩላትም። ለመነችኝ። ሐኪሙ ከልክሏል አልኩና እግሯን በቀዝቃዛ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ፍም ላይ የቆመች ይመስላታል። ስነካው ግን ይቀዘቅዛል። እንዲያ እየተቃጠለ ጣቶቿን ብቆነጥጣቸው አይሰማትም።

ስማኝ ደብተሬ። አንተን የያዝኩህ ሌላ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ነው። ታላቅ ወንድሜን ዳ. እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ስሙን ሙሉውን ስጀምር እጄ እንቢ ይላል።

ሆስፒታል የሄድነው ባለፈው ሳምንት። ሐኪሙ ኩባዊ፣ የምታስተረጉመው ነርሷ። የእማዬን ውስጥ እግር በመርፌ ነካ ነካ አደረገና ምን እንደምትበላ ጠየቀ። ጾም ላይ ነኝ አለች። እስከ መቼ? ልጄ ከጦር ሜዳ ተመልሶ በቤቴ በር እስኪገባ። ይህቺን ነርሷ አላስተረጎመችም። ወለሉን አየች። ሐኪሙ ብዙ ተናገረ። የእግሯ ነርቭ ተርቧል። እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት፣ ዓሣ ትብላ። ኮንጎ ጫማ ትተው፣ ፕላስቲኩ እግሯን ያፍነዋል። በፍል ውሃ አትዘፍዝፍ፣ ሳይሰማት ትቃጠላለች። አረቄ መቀባት ይቅር። በየቀኑ በእግሯ ትሂድ። መድኃኒቱ ምግቧ ነው፣ ካልበላች ግን መራመዷንም ታጣዋለች።

አመስግና ወጣች። በሩ ላይ፣ "ጾም የማያውቅ አገር ሰው" አለች።

ጥቅምት 9

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አላት። እግሯ መርገጫውን ስለማያውቀው ክር ትበጥሳለች፣ እጅጌ ታጣምማለች። ትናንት አንዲት ሴትዮ ጨርቋን ሳይቆረጥ መልሳ ወሰደች። እማዬ እስከ በር ሸኘቻት። ከዚያ መኪናውን በሻሽ ሸፈነችው።

ዳ. ለብሔራዊ ውትድርና በጭነት መኪና የተጫነ ዕለት ለገብርኤል ተሳለች። ተመልሶ እስኪመጣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ በአፏ አይዞርም። በቀን አንዴ ብቻ ትቀምሳለች። ፋሲካም ገናም በዚሁ አለፈ። ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

ዳ. አይመለስም። እኔ አውቃለሁ፣ እሷ አታውቅም።

የነገረኝ ተስፋዬ ነው። የዳ. የክፍል ጓደኛ፣ አብረው ነው የዘመቱት። መስከረም ላይ ያለ ቀኝ እጁ ተመለሰ። ሐይቁ ዳር ወሰደኝና፣ "ግራዋን ለመፈክር ትተውልኛል" ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ነገረኝ። ሐምሌ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናብ። ተስፋዬ አጠገቡ ነበር። ፊቱን በራሱ ጃኬት ሸፈነው። ዓሣ አጥማጆቹ መረብ እያራገፉ ይቀላለዱ ነበር። እኔ እነሱን ሳይ ነበር።

ለዕድሩ ዳኛ ለጋሽ በቀለ ነገርናቸው። መርዶ የሽማግሌ ነው። ሲነጋጋ ተሰብስበው መጥተው፣ አስቀምጠው፣ ደግፈው ነው የሚነግሩት። ጋሽ በቀለ ግን ፈሩ። ቀበሌ ሳያሳውቅ ድንኳን መትከል ወሬ መንዛት ነው ይባላል፤ ያሳስራል። አንተም አፍህን ጠብቅ፣ ልጄ፣ አሉኝ።

እየጠበቅኩ ነው። ት/ቤት እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እሷ ስትጸልይለት አሜን እላለሁ።

ጥቅምት 15

ጠብ። የነፍስ አባቷ መጡ። በሽተኛ ይበላል፣ እኔ ፈትቼሻለሁ አሏት። ጾሙን ይፈታሉ አባቴ፣ ስእለቱ ግን ከገብርኤል ጋር ነው አለቻቸው። መስቀላቸውን አሳልመዋት ሄዱ።

ከሐይቁ ዓሣ አምጥቼ ጠብሼ አቀረብኩ። ሳህኑን በአንድ ጣቷ ገፋችው። "እኔ ሥጋ በልቼ የሱን ሥጋ ማን ይጠብቅልኛል?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ሳህኑን አነሣሁ።

ወዲያው ደግሞ፣ ተስፋዬን አግኝተኸዋል? ከወንድምህ የሰማው የለም? ሁልጊዜ የምትጠይቀው ጥያቄ። የለም አልኩ። ከመኪናው መሳቢያ መርፌ አነሣሁ። እንደ ሐኪሙ ልሞክርሽ አልኳት፣ እግሯን ዘረጋችልኝ። ከሚገባው በላይ ገፋሁት። ደም ወጣ። እሷ ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች።

"ወጋኸኝ እንዴ፣ ብሩኬ?"

ገና ነኝ አልኳት።

ጥቅምት 20

ወ/ሮ ዱካሌ ከቱላ በኩል ወተት ይዛ በሰፈራችን ታልፋለች። ሲዳማ ናት፣ ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ታሽጓል። ት/ቤት ከመግባቴ በፊት መንገድ ላይ ጠበቅኳት።

"የጾመኛ ልጅ ወተት ምን ያደርግልሃል? ጴንጤ ልትሆን ነው?"

ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል አልኳት።

"ያሸጉት ጸሎት ቤቱን ነው፣ የላሜን ጡት አይደለም" አለች፤ ራሷ ሳቀች። ለወተቱ ልጇን ሒሳብ ላስጠናላት ተስማማን። እንቁላልም ታመጣለች። ለማን እንደሆነ አልነገርኳትም።

እማዬ ምድጃ ፊት መቆም ስለማትችል የማበስለው እኔ ነኝ። የአጃ አጥሚት ነጣ ያለ ነው፣ ወተቱን ይደብቀዋል። እንቁላሉም በደንብ ከተመታ ሽሮው ውስጥ ይጠፋል። ዛሬ አማትባ፣ ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ አተላው ጠጣችው።

እጅህ ጣፈጠ አለችኝ።

ወጥቼ ከአጥሩ ጀርባ ሳቅኩ። አለቀስኩም መሰለኝ። ማታ የባዮሎጂ ፈተና አጠናሁ።

ኅዳር 3

ኮንጎዋን ደበቅኩባት። የዳ.ን ሸራ ጫማ አወጣሁ። አይሆንም አለች፣ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ይጠበዋል፣ ሌላ ይገዛል አልኳት። በወፍራም ካልሲ አስገባንላት።

እስከ ጉዱማሌ ሄድን። ሜዳው ባዶ ነው፣ ከብቶች ብቻ። ከዛፎቹ ሥር አረፈች። ጫማው ይመራኛል፣ መንገዱን እሱ ነው የሚያውቀው አለችኝ። ስንመለስ ከኋላዋ ሄድኩ። ጥፋት ነበር። ጫማው ሰፊ ስለሆነ ይጎተታል፣ ዳ.ም ጫማ ይጎትት ነበር። ዓይኔን ብጨፍን እሱ ነው።

ፍጠኚ አልኳት። ደክማ ነበር። ቤታችንን አሳልፌ ሌላ ዙር አስጨመርኳት። እሺ አለች፣ ልብሴን ይዛ ዞረች።

ወተቱን ከጀመርን ወዲህ ሌሊት አንሶላውን ከእግሯ ላይ አትገፈትረውም። ልብ ብያለሁ። እሷም ልብ ብላለች።

ኅዳር 19

መኪናው ይሰማል። ከት/ቤት ስመለስ ገና ከመንገዱ ሰማሁት፣ ሳይቆራረጥ። ሮጬ ገባሁ። መርፌ አንሥቼ ጣቷን ነካሁ። ኧረ አመመኝ ብላ እጄን መታችኝ። ሲያማት ደስ አለኝ። ለብዙ ጊዜ ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ለካ እንዲህ ነው።

ጠዋት ገብርኤል ነበረች፣ ጎረቤቶቹ ናቸው የነገሩኝ። በእግሯ ሄደች። ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹ መሀል ቆማ መሰከረች። እግሬ ሞቶ ነበር፣ ስእለቴን ጠብቄ ስለቆየሁ መልአኩ አስነሣልኝ፣ ልጄንም እንዲሁ ይመልስልኛል። እልልታ። አንዷ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ሳመች። የዳ.ን ጫማ።

ወ/ሮ አበበች የምትባል ጎረቤታችን አለች። የመጀመሪያ ልጇ ሰሜን ነው፣ የመጨረሻው ጡት ላይ ነው። እዚያው ተሳለች። ነቢያትን ጾሜ ገና ሲደርስም አልፈታም፣ ልጄ እስኪመጣ አለች። እማዬ አቀፈቻት።

ለወ/ሮ አበበች አጥሚት ውስጥ ወተት የሚጨምር የለም።

ለሷ ልንገራት ብዬ እስከ ደጇ ሄድኩ። ሕፃኑ ሲያለቅስ ሰማሁ። ተመለስኩ። ፈሪ።

ታኅሣሥ 2

እማዬ ለዳ. ሱሪ እየቆረጠች ነው። ከሌላ ሰው የተረፈ ካኪ። ቁመቱ ያንተን ያህል ሆኖ ይሆናል ብላ እኔን አቁማ ለካችኝ። እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እስፒል በአፏ ይዛ ታወራለች፣ ትንሽ ልጅ ሆኖ ሱሪ ስታለብሰው እንዴት እንደሚሸሽ።

ወገቡን ቀንሺው፣ እዚያ ምግብ የለም አልኳት።

ሳቀች። ደብተሬ፣ ሳቀች። ቀነሰችው።

ተስፋዬን አገኘሁት። ደህና አይደለህም አለኝ። አንተ ነህ ደህና? አልኩት። እጁ የሌለበትን እጅጌ አራገበብኝ። "እኔ የጣልኩበትን ቦታ አውቀዋለሁ" አለ።

ታኅሣሥ 12

አለቀ።

ወ/ሮ ዱካሌ ዛሬ ዘግይታ ኖሮ መንገድ ላይ አላገኘኋትም። ቤት ድረስ አምጥታለች። እማዬ ከፈተችላት። ይሄ የልጅሽ ነው፣ ልጅሽ እንደ ጥጃ ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ አንድ ቀን አልቀረም ብላት እየሳቀች ሄደች። ምንም ክፋት የላትም።

ስገባ እማዬ መኪናው ላይ ተቀምጣለች፣ አትረግጥም። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ። ከመቼ ጀምሮ?

ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ አልኳት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እንግዲህ ልጄ አንድ ነገር ከሆነ የሞተው በእኔ አፍ ነው" አለች። ደጋግማ፣ በእኔ አፍ ነው። ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ ልታስመልስ ሞከረች። የወጣ የለም።

የማውቀው አንድ ቃል ያድናታል። ሐምሌ። ወተቱን ሳልጀምር፣ አንድ ጠብታ ሳትቀምስ፣ ሞቷል። ብነግራት ከጥፋቱ አወጣታለሁ፣ ልጇን ግን እቀብርባታለሁ።

አልነገርኳትም። ለምን እንደሆነ ላንተ እውነቱን ልጻፍ። ሽማግሌዎቹን ፈርቼ አይደለም። እስቲ እሷም ትንሽ ትሸከመው ብዬ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ብቻዬን ነኝ። በእኔ አፍ ነው ስትል ቆሜ አየኋት።

ታኅሣሥ 14

አትበላም። ውሃ ብቻ፣ እስከ ገብርኤል ክብረ በዓል። ሸራ ጫማውን ጠርጋ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። ኮንጎዋን ፈልጋ አገኘችው። ጉዱማሌ እንሂድ አልኳት፣ ዞራ ግድግዳውን አየች። እግሬ ጀመረኝ ትላለች። ትናንት ማታ ሳላያት ውሃ አፍልታ እግሯን ከታለች፣ ዛሬ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ውሃ ቋጥሯል። ሲቃጠል አልተሰማሽም? አልኳት። ይቃጠል አለች።

ጋሽ በቀለ ዘንድ ሄድኩ። ቀበሌ የሟቾቹን ስም ዝርዝር ሊያወጣ ነው፣ በዓሉ ይለፍ አሉኝ። እስከዚያ ትሞታለች አልኳቸው። ልጅ መርዶ አይነግርም፣ ነውር ነው፣ አሉ። እርስዎ ይንገሯት እንግዲያ አልኩ። ተነሥተው በሩን ዘጉ። ልጅ አላቸው፣ እድሜው ከእኔ ጋር እኩል ነው።

ስመለስ ወ/ሮ አበበች ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ጡቴ ደረቀ ትላለች ለሌላዋ። ሌላዋ፣ አይዞሽ፣ የብሩክ እናት እግር እንኳን ተነሥቷል አለቻት።

ታኅሣሥ 15፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ዛሬ እነግራታለሁ። እኔው።

መቀሱንና ካውያውን ከክፍሉ አውጥቻለሁ። አልጋዋ አጠገብ ያለውን የበር መደገፊያ ድንጋይም። ሴቶች መርዶ ሲሰሙ ራሳቸውን መሬት ላይ እንደሚጥሉ አውቃለሁ፣ የአባዬ መርዶ የመጣ ዕለት አይቻለሁ። ተስፋዬ በር ላይ ይቆማል። አጠገቡ የነበረ እሱ ስለሆነ ከጠየቀች ይመልሳል። በአንድ እጅ እንዴት እይዛታለሁ አለኝ። እኔ ሁለት አለኝ አልኩት። ድንኳን አንተክልም። ለቅሶውን ቀበሌ ቢሰማ ይስማ፤ የሚመጣብኝን እቀበላለሁ።

ቅደም ተከተሉን አስቤበታለሁ። መጀመሪያ ስሙን አልጠራም። ከስሙ በኋላ ምንም አትሰማኝም። መጀመሪያ ወሩን ነው የምላት፣ ሐምሌ። ከዚያ ወተቱን የጀመርኩበትን፣ ጥቅምት። ሁለቱን ደጋግሜ፣ የቱ እንደሚቀድም ራሷ እስክታውቀው። ከዚያ ስሙን። ዳዊት።

ዳዊት። ጻፍኩት።

ለቅሶውን ሰምታ ወ/ሮ አበበች ትመጣለች። ለእሷም እዚያው፣ በሰው ፊት፣ የእማዬን እግር ያስነሣው ወተት ነው እላታለሁ። ከፈለጉ ይውገሩኝ።

እንቁላል ቀቅያለሁ። ተልጦ ሳህን ላይ ነው፣ በግልጽ፣ ምንም ውስጥ አልደበቅኩትም። ዛሬ አትበላውም። ነገም አትበላው ይሆናል። በየጠዋቱ እቀቅላለሁ። ሸራ ጫማውንም ከመስኮት አውርጄ አልጋዋ ሥር አስቀምጫለሁ።

ተስፋዬ አጥሩን አንኳኳ። እማዬ ተነሥታለች፣ ኮንጎው ወለሉ ላይ ሲጎተት ይሰማኛል። ማነው በጠዋት? ትላለች።

እኔ ነኝ፣ እማዬ። ቁጭ በይ። ሐምሌ ላይ