የቀጭኑ ሹራብ

እማዬ ሆዴ፣ እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃውን ሳታርፊ ትወጪው ጀመርሽ? ስለ ዓይንሽ እንኳ አልጠይቅም፤ ሁለቱን ሹራቦች አይቻለሁና። እጅሽ ይባረክ። እኔ እግሬ ከመቆም ብዛት አበጥ ይላል እንጂ ደህና ነኝ።

የእኔው ልክክ ብሏል። ለጓደኛዬ ለቀጭኑ የሠራሽለት ግን ይሁነው አይሁነው ልነግርሽ አልችልም። አትቆጪኝ እማዬ፣ ቀጭኑ የሚባል ጓደኛ የለኝም። ሰውየውስ አለ፣ ግን ፊልም ውስጥ ነው።

እሁድ እሁድ ከምኖርበት ክፍል ማዶ ባለች ትንሽ ሲኒማ ቤት ድምፅ የሌላቸው የድሮ አጫጭር አስቂኝ ፊልሞች ያሳያሉ። ቋንቋ ስለማይጠይቁ እኔም እንደ ሰው ገብቼ እቀመጣለሁ። ቀጭኑ የገዛ ወንበሩን ተሸክሞ የሚዞር እንግዳ ነው። ምግብ ቤት በር ላይ ሲቀመጥ አሳላፊው በመጥረጊያ ያባርረዋል፤ መናፈሻ ሲገባ ዘበኛው ይገፈትረዋል። ሠርግ ቤት ሲደርስማ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ወንበሩን ተቀብለው እሱን ያስወጡታል! ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነስቶ ይሄዳል። ሕዝቡ በሳቅ ይሞታል። እኔም መጀመሪያ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ በኋላ እንባዬ መጣ። እዚያ ሰው አገኘህ ወይ እያልሽ ስትጨነቂ የጻፍኩልሽ ስለ እሱ ነበር። ቀጭን ነው፣ ጨዋ ነው፣ ብርድ ይመታዋል ያልኩሽ አንዱም ውሸት አይደለም።

እውነቱ ይኸውልሽ። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ አንሶላ የሚታጠፈው ሁለት ሆኖ ነው፣ አንዱ በዚያ ጫፍ ሌላው በዚህ። ሁሉም የየራሱ ሰው አለው። ክፉ ቃል አይወጣቸውም፤ እኔ ስጠጋ ግን ወሬው ቀጥ ይላል። ስለዚህ አንዱን ጫፍ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር አስሬ ብቻዬን አጥፋለሁ። ስድስት ወር ሙሉ ከሚስማር ጋር!

ማክሰኞ ሹራቦቹ ያሉበት ዕቃሽ ሥራ ቦታ ደረሰኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ የቀጭኑን ሹራብ ሚስማሩ ላይ ሰቅዬ የአንሶላውን ጫፍ ከእጅጌው ጋር ቋጠርኩና ማጠፍ ጀመርኩ። ቤቱ በሳቅ አበደ። ባርኔጣ ባይኖረኝም እጅ ነሣኋቸው። ከዚያ ግን አልቅስ አልቅስ አለኝ።

አንድ ሰው አልሳቀም፣ ልብስ ተኳሹ። ከመጣሁ ጀምሮ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ካውያውን አስቀምጦ መጣ፣ ቋጠሮውን ፈትቶ ሹራቡን አውርዶ ሰጠኝና የአንሶላውን ጫፍ ያዘ። እስከ ምሳ ድረስ አብረን አጠፍን። ዛሬም ማንም ሳይጠራው መጣ። የለበሰው ሹራብ ክርኑ ላይ ተቀዷል።

ያንን ሹራብ ልስጠው ወይ፣ እማዬ? የለፋሽበት አንቺ ነሽ፣ ፈቃድሽን እጠብቃለሁ። ትከሻው ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ይጠበው ይሆናል።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ። እህቴን ጥፍርሽን መብላት ተዪ ብሎሻል በያት። አያቴን ጆሮዋ ሥር ጮክ ብለሽ ሰላም በይልኝ። ለቀጭኑ የምትልኪውንም ሰላምታ እንዳትተይ፣ እሁድ አደርስለታለሁ። ለተኳሹም ጨምሪለት፤ መልስሽ እስኪመጣ ስሙን ጠይቄ እቆያለሁ።

ልጅሽ
ከልብስ ማጠቢያው ጓዳ፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን