የጉልበቴ ሙጫና የእኅቴ ንጽሕና

ለተከበሩ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ለመላ ጤንነትዎ፣ በተለይም ለቆዳዎ፣ ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ ከሦስት ወር በፊት ቀኝ ጉልበቴን በብረት የተካችሁልኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። ብረቱ ደኅና ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። የምጽፍልዎ ከላዩ ስላለው ቆዳ ነው፤ እሱ እንኳ ክፍልዎን እንደማይመለከት በሚገባ ተረድቻለሁ።

1ኛ. መዝጋቢዋ ነርስ የማይስማማኝ ነገር እንዳለ ስትጠይቀኝ፣ ፕላስተር በነካኝ ቁጥር ቆዳዬ እንደሚቆጣ ነገርኳት። «እሱማ ማንንም ያሳክካል» አለችና ቅጹ ላይ «የለም» ብላ ሞላች። ቃል ላለማባከኗ ምስጋናዬ ይድረሳት።

2ኛ. ቁስሌ በክር ሳይሆን በሙጫና መረብ በመሰለ ፕላስተር መዘጋቱን የሰማሁት ከሰመመን ስነቃ ነው። ዘመናዊ ነው፣ ጠባሳው አይታይም ተባልኩ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ጉልበቴን ለማን እንደማሳይ ባላውቅም፣ ለውበቴ ስለተጨነቃችሁልኝ እጅ እነሳለሁ።

3ኛ. በስምንተኛው ቀን ያሳክከኝ ጀመር፤ በአሥረኛው ውሃ ቋጠረ። ቅላቱ ፕላስተሩ ባረፈበት ልክ፣ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቀጥ ብሎ ያበቃ ነበር። እኅቴ ደግፋኝ መጣን። ተረኛው ሐኪም ከወንበሩ ሳይነሳ አየኝና «እናቴ፣ ንጽሕና ጎድሏል፤ ቁስሉ አመርቅዟል» አለኝ፤ ቀጥሎም እኅቴን ዞር ብሎ አያት። ፕላስተሩን እንዳንነካው ያዘዛችሁን እናንተው እንደሆናችሁ ሳስረዳ ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። እጇ እስኪላጥ በሳሙና እየፈተገች ያስታመመችኝ እኅቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ አለቀሰች።

ቁጥሩን እዚህ ላይ ልተወው፤ የቀረው ተደራርቦ የመጣ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ መርፌ ተወጋሁ፤ ቆዳዬ ባሰበት። እግሬን ማጠፍ ስላቃተኝ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮዎቼ ተሰረዙ። በመጨረሻም ጉልበቴ ዳግም ተከፍቶ እንዲታጠብ ቀን ተቆረጠልኝ። እኅቴም «እኔ ነኝ የጎዳሁሽ» እያለች እህል መቅመስ ተወች።

ከቀጠሮው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ፋሻ ለማስቀየር ስገባ፣ ጡረታው የተቃረበ አንድ የቁስል ክፍል ነርስ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን አየ። «እቴ፣ ሙጫው እኮ ነው የተጣላሽ! እስካሁን ይሄን የሚያነሳ ጠፋ?» አለ። በቅባት እያለሰለሰ ቀስ ብሎ አነሳው፤ ከፊት ለፊት ያለችውን የቆዳ ሐኪም ጠርቶም የሚቀባ መድኃኒት አሳዘዘልኝ። በስድስተኛው ቀን ቆዳዬ ደረቀ። ቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ በዋዜማው ተሰርዞ ነበር፤ ለምን እንደተሰረዘ ግን ማንም አልነገረኝም። እኔም ጨዋ ነኝና አልጠየቅሁም።

ጉልበቴ ያመለጡትን ሳምንታት አላገኛቸውም፤ ከግማሽ በላይ አይታጠፍም። የስፌት መኪናዬን በግራ እግሬ ብቻ እየረገጥኩ ነው የምሠራው። ይህንንም እለምደዋለሁ። ከክፍልዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከሐኪሞችዎ አንዱ፣ ጊዜ ሲተርፈው፣ እኅቴን አስጠርቶ ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበረ ፊት ለፊት ይንገራት። እኔ ብነግራት አላመነችኝም፤ እኔ ሐኪም አይደለሁማ።

ለቸርነታችሁ ቃል የሚያጥራት፣ አንካሳና ታዛዥ ታካሚዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ያ የቁስል ክፍል ነርስ ያለ ቀዶ ሐኪም ትእዛዝ ፕላስተር በማንሳቱ፣ በማግስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደደረሰው ሰማሁ። ክፍልዎ ሲፈልግ እንዲህ መፍጠን እንደሚችል በማወቄ እጅግ ተጽናንቻለሁ።