አባትሽ የወለወላቸው ጥይቶች

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ ለሲግሪድ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ዓይንሽስ ደኅና ነው? አሥሩም ጣትሽ በየቦታው አለ? ባልሽ ክላይድና ትንሿ ሙሪየልስ እንደምን ናቸው? ስለ ዓይንና ስለ ጣት መጠየቄ የአጎትሽ የተለመደ ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ምክንያቱን አሁን እነግርሻለሁ። እኔ በጤናዬ አለሁ፤ ወገቤ ብቻ እንደ ልማዱ ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ያወራልኛል። አባትሽም አለ። እኔና እሱ ግን ዓይንህን አልይ ተባብለናል።

ከዋናው ልጀምርልሽ። ሹፌሩ ሃርላን ከብት ሊጭን ወደ እናንተ ወደ ኔቫዳ ሲወርድ፣ አባትሽ አንድ ሳጥን ጥይት አስይዞታል። ለአጋዘን አደን እንዲሆንሽ ብሎ በገዛ እጁ የሞላው ነው። ሳጥኑ ሲደርስሽ አንዷንም እንዳትተኩሺ። ክላይድም አይሞክራት። ሃርላን መንገድ ላይ እህቱ ዘንድ ሳምንት ስለሚቀመጥ ይህ ወረቀት ይቀድመዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ስልክ እናንተ ዘንድ ደርሶ ቢሆን ይህን ሁሉ ቀለም ባልጨረስኩ።

አሁን ጠቡን ስሚ። እኔ የተተኮሰ ቀለሃ አዲስ ባሩድና እርሳስ ልሞላበት ስል የማጥበው አያትሽ ድስት ታጥብ እንደነበረው ነው፦ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጠብ ያለች ኮምጣጤ፣ ከዚያ አለቅልቆ ጨርቅ ላይ ማስጣት። ጥቀርሻው ከለቀቀ ይበቃኛል። ቢጠቁር ምን ገዶኝ፤ አጋዘኑ አያየው። አባትሽን ግን ዘንድሮ የማብረቅ አባዜ ያዘው። እናትሽ መስኮት የምትወለውልበትን፣ ሽታው ዓይን የሚያስለቅሰውን የአሞኒያ ጠርሙስ ከጓዳ አወጣና ቀለሃዎቹን ዘፍዝፎ አሳደራቸው። ሲነጋ እንደ ወርቅ ጥርስ አብረቀረቁ።

አሞኒያ ግን ቀለሃው የተሠራበትን ናስ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል። ላዩ ያምራል፣ ሆዱ ይሰነጠቃል። ድሮ ፈረሰኞች ጥይታቸውን ጋጣ ውስጥ ሲያከማቹ ከፈረሶቹ ሽንት በሚነሳው አሞኒያ ብቻ ቀለሃው እየተሰነጠቀ ያስቸግራቸው እንደነበር አንድ ሽማግሌ ወታደር አጫውቶኛል። ቅዳሜ ዕለት ተኩስ ሜዳ ላይ ይህንኑ ለአባትሽ ልነግረው ብሞክር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ያንተ ቀለሃ የአሮጌ ውሻ ጥርስ ይመስላል አለኝ። እኔም አፌ አያርፍ፦ «ያንተንማ ሙሽራ ጆሮዋ ላይ ታንጠልጥለው፤ ጠመንጃ ውስጥ ግን አይገባም። በፈረስ ሽንት እኮ ነው ያጠብከው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ነገሩን ያባሰው ሳቁ ነው። አባትሽ ፊቱ ቀላና ከዚያው እጥበት ከቀሩት ጥይቶች አንዷን አጉርሶ ተኮሰ።

ቀለሃዋ ጎኗ ተተረተረ፤ ትኩሱ ጢስ ወደ ኋላ ተመልሶ ፊቱን ለበለበው። መነጽሩ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በበትር እየመራሁት ነበር። ዓይኑ ተርፏል፣ አትደንግጪ፤ የግራ ቅንድቡ ግን የለም፣ ጉንጩም የተላጠ ድንች መስሏል። ይህም ሆኖ ጥፋቱ የባሩዱ ነው ብሎ ድርቅ አለ። እኔንም ሟርተኛ የሟርተኛ ልጅ ብሎ ሰደበኝ፤ አባታችን አንድ መሆኑን ረስቶ።

ሌሎቹስ ጥይቶች የት አሉ ብለው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። ላንቺ መላካቸውን የነገረችኝ እናትሽ አግነስ ናት። ለልጅህ ጻፍላት ብላ ብትለምነው፣ ወንድሜ ቶርቫልድ ልክ ነበር ብዬ ከምጽፍ እጄ ይቆረጥ አላት። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በግቢያችን መካከል ያለችውን በር በሽቦ ጠፍሬ አሰርኳት፤ እሱ ደግሞ በማግስቱ ከወዲያ በኩል ቆልፎ መለሰልኝ።

ዛሬ ጠዋት በዋናው መንገድ ዞሮ መጥቶ ቤቴን አንኳኳ። ባርኔጣውን አላወለቀም፣ እንዴት አደርክም አላለኝ።

«ጻፍክላት?»

«ልጽፍ ተቀምጫለሁ።»

«ፍጠን። ስሜን ግን እንዳታነሳ።»

አሁን ደጅ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ደብዳቤውን ራሱ ፖስታ ቤት ሊያደርስ ነው፤ እኔን አያምነኝም። ግባ ብለው አልገባም። ቡና ይዤለት ብወጣ መስኮቱን ዘጋብኝ። አሁንስ ጥሩምባውን እየነፋ ነው።

ክላይድን ሰላም በይልኝ፤ ሳጥኑን ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጥና ሃርላን ሲመለስ ይላክልኝ፣ እኔው ፈትቼ አመክናቸዋለሁ። ሙሪየልን ጉንጯን ሳሚልኝ። ለአማትሽም ሰላምታዬ ይድረሳቸው። እናትሽ የድንች ቂጣ ጋግራ ልትልክልሽ ነው፤ እሱን ያለ ሥጋት ብዪ።

ፖስታው ተከፍቶ የተጣበቀ ከመሰለሽ ማን እንደከፈተው አትጠይቂ። ኤይናር ወንድሜ፣ እዚህ ድረስ አንብበህ ከሆነ፣ በል መልሰህ አሽገውና ንዳ፤ የፖስታው መኪና አይጠብቅህም።

አጎትሽ ቶርቫልድ
ሉዊስታውን፣ ሞንታና
ሴፕቴምበር 24 ቀን 1956